የፒያኖው ቅኝት
ስለ አንድ ወጣት ፒያኖ ተጫዋችና ስለ አንጋፋ ባልደረቦቹ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የበዓል ስብሰባ ላይ በሞጆ የተደረገ ንግግር)



 አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ቀረጥ አተማመን ወይም ስለ ሰነድ አቀራረብ አንድ ነገር እንደምል ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ፒያኖ፣ በፒያኖው ላይ ስለ ተጫወተ አንድ ወጣትና አብረውት መድረክ ላይ ስለ ወጡ አንጋፋ ሙዚቀኞች ነው። ርእሱ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ዳሩ ግን ፒያኖው በዚሁ ወደብ ያለፈ፣ ሰነዱንም ያዘጋጀሁት እኔው ስለ ሆንሁ፣ ነገሩ ከቤታችን አይወጣም። እንዲያውም ከታሪኩ ውስጥ አንድ ጥፋት አለ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ዕቃው ጠባይ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን ፒያኖን የምናውቀው በታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ በ92.01 አንቀጽ ሥር ነው። በዚያ አንቀጽ የተመዘገበው ዕቃ ግን ተራ የእንጨት ሥራ አይደለም። 88 ቁልፎች አሉት፤ በውስጡ ከ200 በላይ የብረት ክሮች ተወጥረዋል፤ የክሮቹ ውጥረት በአንድነት ሲታሰብ ከ15 ቶን ይበልጣል። ይህን ሁሉ ኀይል የሚሸከመው የብረት ቅርጹ ሲሆን፣ ድምፁን አጉልቶ የሚያሰማው ግን ከኋላ ያለው ስስ የእንጨት ገበታ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል። ገበታው ሲያብጥ የክሮቹ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲኮማተር ይወርዳል።

እንግዲህ መንገዳችንን አስቡት። ፒያኖው ከመርከብ የሚወርደው በጅቡቲ፣ ባሕር ዳር፣ ሙቀትና እርጥበት በበዛበት ስፍራ ነው። ከዚያ በበረሃው አቋርጦ፣ ሽቅብ እየወጣ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ወደ ሞጆ ይደርሳል። ወሩ ታኅሣሥ ከሆነ የበጋው ነፋስ ቆዳን የሚሰነጥቅበት ጊዜ ነው። ሰው እንኳ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ ሲወጣ ጥቂት ቀን ዕረፍት ይሻል። ፒያኖም እንደዚሁ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል አየሩን ከለመደ በኋላ ነው መቃኘት ያለበት። ይህን ሁሉ የተማርሁት ግን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዳማ አንድ አዳራሽ ለማደስ የተነሡ ሰዎች ወንበር፣ የመብራት ዕቃና አንድ ፒያኖ ከውጭ አስመጡ። አዳራሹን የሚመርቁት በገና በዓል ምሽት በሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት ነበር። ሰነዱን ለእኔ ሰጡኝ። በዚያን ጊዜ በቢሮዬ አንድ ረዳት ነበረኝ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ገና ስድስት ወር ያልሞላው፣ ዝምተኛ፣ ወረቀት አንብቦ የማይጠግብ ልጅ። ዲክላራሲዮኑን ሞልቼ ልልክ ስል አጠገቤ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ፒያኖው ሁለት ጥቅል ነው የሚለው፤ መቀመጫውና መርገጫዎቹ ለብቻ ታሽገዋል። እኛ አንድ ብለናል» አለኝ።

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። በሥራው ላይ የቆየሁበትን ዓመት በልቤ ቆጥሬ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ ተረትሁበት። በቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ልጁም አብሮ ፈገግ አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ኮንቴይነሩ ለፍተሻ ሲከፈት የፒያኖው ጥቅል ሁለት ሆኖ ተገኘ። ፈታሹ ሥራውን ሠራ፤ የተጻፈውና የተገኘው አልተስማማም፤ ስለዚህ ዕቃው ቆመ። እርማቱን ለማስገባት፣ ከላኪው የማረጋገጫ ደብዳቤ ለማስመጣትና እንደገና ለማስፈተሽ 11 ቀን ፈጀ። በእነዚያ 11 ቀኖች ፒያኖው በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ቀን በፀሐይ እየጋለ፣ ሌሊት በታኅሣሥ ብርድ እየቀዘቀዘ ሰነበተ። በማንም ላላክክ አልችልም፤ ሁለት መስመር አስተያይቶ ማንበብ የእኔ ተግባር ነበረ። ፒያኖው ከወደቡ የወጣው ለገና አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ቃኚ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ቁልፎች ከነካ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ወርዶ ነበር፤ አወራረዱም እኩል አልነበረም፤ መካከለኛው ክፍል ከዳርና ከዳሩ ይልቅ ወርዷል። «ወደ ትክክለኛው ልክ በአንድ ጊዜ ብስበው ክር ይበጠሳል፤ ባይበጠስም እስከ ነገ አይጸናም» አለ። «የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝቅ ባለበት ላይ እርስ በርሱ አስማማዋለሁ። ከራሱ ጋር ይስማማል፤ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ግን አይስማማም።» እንዳለውም አደረገ።

የዝግጅቱ ምሽት ደረሰ። ጥፋተኛ ነኝና ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። በመድረኩ ላይ የሳክስፎን፣ የትራምፔት፣ የቤዝ ጊታርና የድራም ተጫዋቾች ነበሩ፤ አራቱም ጠጉራቸው የሸበተ፣ ከታወቁ ባንዶች ጋር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ግን የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበር። ከዚያ ቀደም የሚጫወተው በኪቦርድ ብቻ ነበር አሉ። እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሆኖ፣ ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ጋር፣ በበዓል ሕዝብ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲመታ ከሳክስፎኑ ጋር ተጋጨ፤ ሁላችንም ሰማነው። ልጁ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ፤ ፊቱ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፒያኖ የሚጫወት ሰው በመድረክ ላይ መሣሪያውን ሊያስተካክል አይችልም፤ ከ200 የሚበልጡ ክሮች በደቂቃ አይቃኙም። ሌሎቹ ግን ይችላሉ። ሽማግሌው የሳክስፎን ተጫዋች ምንም ሳይናገር ወደ ልጁ ዞረና አንድ ድምፅ እንዲሰጠው በጣቱ አመለከተ። ልጁ መታ። ሽማግሌው የሳክስፎኑን አፍ ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ አደረገና ነፋ፤ ገና አልተገናኘም። ደግሞ ሳበ። ተገናኘ። ትራምፔቱም ቧንቧውን አራዘመ፤ ቤዝ ጊታሩ አራቱንም ክር አላላ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደ። ሕዝቡ የመደበኛው ዝግጅት አንድ ክፍል መሰለው። እኔ ግን የሆነውን ተረድቼ ነበር፤ አራት አንጋፋ ሰዎች የዕድሜ ልክ ልካቸውን ትተው፣ ወደ አንድ ወጣት ቅኝት ወረዱ።

ከዚያ በኋላ በትዝታ ቅኝት ጀመሩ። ልጁ መጀመሪያ ላይ፣ ወጣት ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የሚያውቀውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ቸኮለ፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ከመረ። ማንም አልገሠጸውም። የድራም ተጫዋቹ ብቻ ምቱን አሳንሶ በለስላሳው መጥረጊያ መምታት ጀመረ። ቦታው ሰፊ መሆኑን ልጁ ያን ጊዜ ተረዳው መሰለኝ። እጁን አዘገየ። የግራ እጁ ከታች ጥቂት ድምፆች ይዞ ቆየ፤ ቀኙ በአምስቱ ድምፆች መካከል እየተመላለሰ መናገር ጀመረ። የሳክስፎኑ ሽማግሌ በተራው ሊገባ ሲገባው መሣሪያውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ፣ ልጁ አንድ ዙር እንዲደግም ተራውን ለቀቀለት።

ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ያየሁት የአንድ ምሽት ደግነት ብቻ ነውን? ወይስ ሙዚቃችን በመላው በዚህ መንገድ ነው የኖረው? በበኩሌ ሁለተኛው ይመስለኛል። ማስረጃ ይሆኑ ዘንድ ሁሉም የሚያውቃቸውን ጥቂት ነገሮች ላስታውሳችሁ።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ታላቅ የጃዝ መሪና ፒያኖ ተጫዋች ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው ነበር። የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን ሸልመዋቸዋል። በዚያን ጊዜ ሙላቱ አስታጥቄ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ወጣት ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገርና በቦስተኑ በርክሊ ተምረው ተመልሰው፣ ኢትዮ ጃዝ ያሉትን አዲስ መንገድ ለማስለመድ የሚታገሉበት ወቅት ነበር። የትግሉ ቁም ነገር ይህ ነው። የፒያኖ ቁልፎች በየስምንቱ ድምፅ እርከን አሥራ ሁለት ድምፆች ይሰጣሉ፤ የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። በቀሩት ሰባት ድምፆች ምን ይደረግ? ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ እየያዙ የቀሩትን ከሥር ለማጀቢያ አዋሉ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ በበጎ አላየውም ነበር። የዓለም አንጋፋ የሆኑት ኤሊንግተን ግን ይህን ወጣት ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ከባልደረቦቻቸውም ጋር አብሮ እንዲጫወት ዕድል ሰጡት። አንጋፋ ሰው አንድን ወጣት ከጎኑ ሲያስቀምጠው፣ ሌላው ሕዝብ ወጣቱን የሚያይበት ዐይን ይለወጣል።

ያ ዓመት በብዙ መንገድ መጨረሻም ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ኤሊንግተን በአገራቸው ዐረፉ። ቀጥሎ የመጣው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አፈነው፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። እንዲህ ያለ ጊዜ አንጋፋውን ብቻ የሚጎዳ ይመስለናል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ገና ያልተነሣው ወጣት ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚማርበትን ሰው ያጣልና።

ከዚህ ላይ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ማንሣት ይገባል። በኦርጋንና በኪቦርድ የታወቁት ኃይሉ፣ በዋልያስ ባንድ ውስጥ በሂልተን ሆቴል ዓመታት የተጫወቱ ናቸው። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ አብረው ሄደው በዚያው ቀሩ። በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ። እኛ የመጓጓዣ ሰዎች ይህን ስንሰማ ልዩ ስሜት ሊሰማን ይገባል፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዘው እየዞሩ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ያወጡትና ይለማመዱ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ካሴት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። ሙያው በእሳቸው እጅ አልሞተም። ነገር ግን በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጦ ሊማር ይችል የነበረ ወጣት ስንት ይሆን? ይህ በቁጥር አይገለጽም፤ ኪሳራነቱ ግን የተረጋገጠ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሰንሰለቱ ጨርሶ አልተበጠሰም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ወጣቱ የፒያኖ ተጫዋች ሳሙኤል ይርጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አልበሙን ባወጣው ደብ ኮሎሰስ በተባለው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ስብስብ ውስጥ፣ ስማቸው አስቀድሞ ከታወቀ ሰዎች ጋር አብሮ ተጫውቷል። ከእነዚህም መካከል የሳክስፎን ተጫዋቹና መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ፣ ድምፃዊቷ ፀደንያ ገብረማርቆስም ነበሩበት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በራሱ ስም «ጉዞ» የተባለውን አልበም አወጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ከአንጋፎቹ ጎን፣ ቀጥሎ በራስ ስም። አንጋፎቹ ቦታ ባይሰጡት ኖሮ «ጉዞ» መነሻ ባላገኘ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በዚህ በሞጆ የምንሠራው ሥራ ከዓመት ዓመት እየተለወጠ ሄዷል። በወረቀት ይሠራ የነበረው በኮምፒዩተር ይሠራል፤ በመኪና ብቻ ይመጣ የነበረው ኮንቴይነር በባቡርም ይመጣል። አዲሱን አሠራር ፈጥነው የሚይዙት ወጣቶቹ ናቸው። እኛ ግን ወጣቱን ምን ስናደርገው እንውላለን? ፎቶ ኮፒ እንዲያነሣ፣ ማኅተም እንዲያስመታ፣ ሻይ እንዲያዝ እናደርገዋለን። ሰነዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ ሳያካሂድ ሦስት ዓመት ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ «የዛሬ ልጆች ሥራ አያውቁም» እንላለን። ያላስተማርነውን እንዴት ይወቅ? የሚያውቀውንስ መቼ ጠየቅነው?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ፣ «ታዲያ ጥፋት ሲደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ፈቃዱ የእኔ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ኀላፊነቱን ለወጣቱ አስረክቡ አላልሁም። በዚያ ምሽትም የዜማውን አቅጣጫ የያዙት፣ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያበቃ የወሰኑት ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ልጁ ሲስት ምት አላሳቱም። ነገር ግን ድምፅ በተጋጨ ጊዜ «የእኛ ልክ ነው፤ አንተ ተስተካከል» አላሉትም። መጀመሪያ ጠየቁት፤ ቀጥለው ሰሙት፤ ከዚያም ሊንቀሳቀስ የሚችለው ማን እንደ ሆነ አይተው፣ ራሳቸው ተንቀሳቀሱ። ልምድ ያለው ሰው ብልጫው ይህ ይመስለኛል። ጀማሪ አንድ ልክ ብቻ ያውቃል፤ ከዚያ ቢያወርዱት ይጠፋበታል። አንጋፋው ግን ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም ዜማውን አይስትም። እንግዲህ ዝቅ ማለት የሚገባው የቱ ነው?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራን አባሎች እያንዳንዳችን በዓመት ቢያንስ አንድ ወጣት አጠገባችን አስቀምጠን፣ አንድ ሰነድ ከጅቡቲ እስከ ባለ ንብረቱ ደጅ ድረስ በራሱ እጅ እንዲያካሂድ እናድርግ፤ እኛ እንመልከት እንጂ እጃችንን አናስገባ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዲክላራሲዮን ከመላኩ በፊት ለረዳቱ ተሰጥቶ ይነበብ፤ ረዳቱም ያየውን ስሕተት ያለ ፍርሃት ይናገር። ሦስተኛ፣ በዚህ መድረክ ላይ በሚመጣው ዓመት እንደ እኔ ያለ የሸበተ ሰው ብቻ አይናገር፤ ከጎኑ አንድ ወጣት ይቀመጥና የዓመቱን ሥራ እሱ ያየበትን መንገድ ይንገረን።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት አንድ ዕዳ አለብኝ። ያ ረዳቴ ከዚያ ገና በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ሥራውን ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። ሲሰናበተኝ በአክብሮት እጄን ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። «ስለ ሁለቱ ጥቅል አንተ ነበርህ ልክ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬ በእናንተ ፊት እናገረዋለሁ፤ ልጁ ልክ ነበር። ቡኮውም ለራት ይበቃ ነበር፤ ያልበቃው የእኔ ማየት ነው።

ፒያኖው ዛሬም በአዳራሹ አለ። ክረምትና በጋ ከተፈራረቁበት፣ ቃኚውም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ወደ ትክክለኛው ልኩ ተመልሷል። እዚያ በተገኘሁ ቁጥር ግን ጆሮዬ ውስጥ የሚመጣው፣ ዝቅ ባለ ቅኝት አምስት ሰዎች ተስማምተው የተጫወቱት የዚያ ምሽት ትዝታ ነው።

በዓሉን የሰላምና የጤና ያድርግልን።